ካህኑ ወንድም ሲሆን

ጤናዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የተናገረች መስሏት ነበር። ጓዳውንና ሳሎኑን የሚለየው ግን ጆንያ ተወጥሮ የቆየ ጋዜጣ የተለጠፈበት ክፍልፋይ እንጂ ግድግዳ አይባልም፤ ከዚያ ማዶ የተነፈሱት ከዚህ ይሰማል። የሺወርቅ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ ይህች የወንድሟ ሚስት ለልጇ ለስጦታ የምታስጠናትን ሰማች። ሽማግሎቹ ስለ አክስትሽ የጠየቁሽ እንደሆነ ቆላ ናት በይ፤ የእናቷን ቤት ልትጠብቅ ከሄደች ቆይታለች በይ፤ እጇን ግን እንዳታነሺ፣ ስለ እጅ የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ስጦታ ምን እንደመለሰች አልተሰማም።

የሺወርቅ አልተቆጣችም። ለመቆጣት የራስ ቤት ያስፈልጋል። ደግሞም ጤናዬ ክፉ ሴት አይደለችም። ባለፈው ክረምት የሺወርቅ ፌስታሏን አንጠልጥላ ከደባርቅ ወደ ዳባት ስትመጣ የራሷን ብርድ ልብስ አንስታ ያለበሰቻት እሷ ናት። የጤፍ ዋጋ ሰው ባስመረረበት ዓመት አንድ አፍ ሲጨመርባት ፊቷን አላጠቆረችም። ነገሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የሺወርቅ የምትበላበት ሳህን ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ሊጥ እንዳትነካ፣ ከዚያ ውኃ እንዳትቀዳ ሆነ። «አንቺ እረፊ፣ እኛ አለን» ነበር የሚባለው። ከማንም አፍ ክፉ ቃል አልወጣም፤ ቢወጣ ይሻል ነበር።

ጣጣው እጆቿ ናቸው። የጨርቅ ልስላሴ ይለያሉ፣ ሰው ሲነካቸው ያውቃሉ፤ እሳትና ሕመም የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ደባርቅ፣ ተራራ ሊወጡ የሚመጡ እንግዶች የሚያድሩበት አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች በካውያ ስትተኩስ ነበር የኖረችው። አንድ ቀን እየተኮሰች ሳለ ሥጋ ሲጠበስ ሸተታት፤ ወጥ ቤቱ መስሏት ወደዚያ ዞረች። አብራት የምትሠራው ሴት ስትጮኽ ነው የራሷ ጣት ከካውያው ሥር እንዳለ ያየችው። ከዚያ ወዲህ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራረበ። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ጫፉ ቀረ፤ ትንንሾቹ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ አሉ፤ መዳፏ ከስቶ አጥንቱ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ እንዳይደነግጥ ብሎ በትሕትና አሰናበታት። አገር እንዲህ ያለ እጅ ሲያይ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ስሙንም ማንም አይጠራውም፣ «ያ በሽታ» ይለዋል። ያ በሽታ ደግሞ በዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጅ ሲሰጥና ሲወሰድ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው አንዱም እሱን ፍለጋ ነው።

ዕለቱ የስጦታ የቁርጥ ቀን ነበር። ልጁ እንዳለው ይባላል፤ ደባርቅ የሚያስተምር፣ ወላጆቹ የደረስጌ ሰዎች የሆኑ፣ ሰው የማይነቅፈው ልጅ ነው። ሽማግሎቹ ቀደም ብለው መጥተው ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ መልሱን ሊሰሙ ይመጣሉ። የስጦታ አባት፣ የየሺወርቅ ታላቅ ወንድም ቄስ ሀብተ ሚካኤል ግን ከዚያ በፊት እውነቱን ማወቅ ፈለገ። ወይፈኑን ሸጦ የሺወርቅን ጎንደር ድረስ ወስዶ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኤምአርአይ አስነሥቷት ነበር። ፊልሙን አይታ የምትናገረው ሐኪም ደባርቅ ናት፣ ቀጠሮውም ለዚሁ ቀን ጠዋት ዋለ። በማለዳ ጋቢውን ደርቦ በጓዳው በር ብቅ አለና «ተነሺ እንሂድ» አላት። ጤናዬ ያለችውን ሰምቶ እንደሆነ ከፊቱ ለማንበብ ሞከረች፤ እሱ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ከዳባት ደባርቅ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን። ሾፌሩ ቄሱን አክብሮ ከፊት ወንበር አስቀመጠው፤ የሺወርቅ ከኋላ፣ የድንች ጆንያ ከታቀፈች ሴት አጠገብ ተቀመጠች። እጆቿን ከነጠላው ሥር ደበቀች። ኅዳር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል፤ ጠዋቱ ጉም የለበሰ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ። ሾፌሩ ናፍጣ በጥቁር ገበያ ስንት እንደገባ እየነገረ ታሪፉን መጨመሩ የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ማለ። ኬላው ላይ ሁሉም ወርዶ ተፈተሸ። መታወቂያዋን ያየው ሚሊሺያ ሲመልስላት እጇን አየና ካርዱን እጇ ላይ ሳይሆን የመኪናው ኮፈን ላይ አኖረላት። ጎንበስ ብላ በታጠፉት ጣቶቿ እስክትለቅመው ወረፋው ቆመ። ወንድሟ አየ። ተመልሶ ገባ። ክህነት ከተቀበለ ወዲህ አንቱ ነው የምትለው፤ እሱም ከእሷ ጋር ሲሆን ቃል ይቆጥባል። ከዚያ እስከ ደባርቅ ድረስ የማጅራቱን ሽበት እያየች ሄደች።

ዶክተር ሐመልማል የጠበቋትን ያህል ትልቅ ሴት አልነበረችም። ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ጠዋት ሆስፒታል ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ናት። የሺወርቅን ዓይኗን አስጨፍና በጥጥ ክንዷን ዳበሰቻት፤ የሺወርቅ በተነካች ቁጥር «አዎ» አለች። ቀጥሎ በሁለት ብልቃጥ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ አመጣችና እያፈራረቀች አስነካቻት። የትኛው የቱ እንደሆነ እንድትናገር ብትጠየቅም የምትናገረው አልነበራትም፤ ሁለቱም ብልቃጥ ብቻ ነበሩ። ትከሻዋ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ በሁለቱም ክንዶቿ እንዲሁ ሆነ፤ ልክ አጭር ካባ የደረበች ያህል፣ ካባው የሸፈነው ሁሉ ሙቀት አያውቅም። ዶክተሯ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅላ ከላይ እስከ ታች አየች።

«ሥጋ ደዌ አይደለም፣ አባ» አለች ወደ ቄሱ ዞራ። «ቆዳዋ ተፍቆ ደጋግሞ ተመርምሯል፤ ተህዋሲው የለባትም። ከእሷ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገርም የለም። በሽታው እጇ ላይ አይደለም፤ እዚህ ነው።» የራሷን ማጅራት ነካች።

ከዚያ አስረዳቻቸው። በአከርካሪው አጥንት ውስጥ ከአንጎል የሚወርድ የነርቭ ገመድ አለ፤ በገመዱ መካከል ደግሞ ላይ እስከ ታች ከመርፌ ቀዳዳ የሚቀጥን ቦይ ይወርዳል፤ በቦዩ ውስጥ ጥቂት ንጹሕ ውኃ አለ። የየሺወርቅ ቦይ ውኃው መውጫ አጥቶ አብጧል። በፊልሙ ላይ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ያሳየቻቸው፣ በግራጫው ገመድ መካከል የተጋደመች ነጭ ሰንበር ያቺ ነበረች። ቄስ ሀብተ ሚካኤል አንገቱን አስግጎ አየ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ዛሬ ከሰዓት ቤቱ ሰው እንደሚመጣ፣ ልጁ ልትዳር እንደሆነ፣ ሰው የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ነገራት። «እኔ የማየው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ልጄ። ለሰው ምን ብዬ ላስረዳ? አየሁ ማለት አለብኝ።» ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ነጭ ጋወኗን ሰብስባ ተነሣችና ተከተሉኝ አለች።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዛቸው ሄደች፤ ተማሪ ያልገባበት ክፍል ውስጥ፣ በጨርቅ ከተሸፈኑት ማይክሮስኮፖች አንዱን ገልጣ ከሳጥን ያወጣችውን ስስ መስታወት ከሥሩ አስገባች። አስቀድማ ግን እንዳይሳሳት ነገረችው። መስታወቱ ላይ ያለው የበግ የነርቭ ገመድ ቁራጭ ነው፤ የሰውም በዚሁ መልክ ነው፤ የጠቦት ቦይ ግን ወለል ብሎ ስለሚታይ ለማስተማር ይመቻል። ቄሱ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነበር። ቆይቶ ሮዝና ሐምራዊ የተነከረ ክብ ነገር ወጣለት፤ በመካከሉ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የመሰለ ቅርጽ፣ በቢራቢሮዋ ወገብ ላይ ጠባብ ቀዳዳ። ዶክተሯ መነጽሩን አሽከርክራ ስታቀርብለት ቀዳዳዋ ሰፋች፣ ዳሯን የከበቧት ሕዋሳትም ተለይተው ታዩት። በአንድ ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው ገባ ያለ፣ ወጣ ያለ የለም። እያንዳንዱ ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ በሆዱ ውስጥ እንቁላል የመሰለች ጠቆር ያለች ፍሬ አለችው። ወደ ቦዩ ባዞሩት አናታቸው ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የደቀቀ ጸጉር በቅሎባቸዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከግርጌያቸው ቀጭን እግር ወደ ነርቩ ውስጥ ሰደዋል።

በሕይወት ሳሉ ጸጉሩ ዝም ብሎ አይቆምም አለችው ዶክተሯ። ሁሉም ባንድ ወገን ይወዛወዛል፤ ውኃውን እንዲህ እያደረገ ይገፋዋል። ቄሱ ዓይኑን ሳያነሣ ሰማት። «ማኅሌት የቆሙ ይመስላሉ» አለ በመጨረሻ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው።

ተነሥቶ ለእህቱ ቦታ ለቀቀላት። የሺወርቅ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ ስትል እጆቿን የት እንደምታሳርፍ ጨነቃት፤ ዶክተሯ ሁለቱንም ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ሰው እጇን ከያዘው ስንት ጊዜው ነው። በዚያች ብርሃን ውስጥ ያየችው ንጹሕ ነገር ነበር፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ በሥርዓት የተደረደረ። ዶክተሯ ከጀርባዋ ሆና በእሷ ዘንድ የሆነውን ነገረቻት። ውኃው ሲበዛ ቦዩ ይነፋል፤ ሕዋሳቱ ይለጠጣሉ፣ ይዘበጣሉ፣ ጸጉራቸው ይረግፋል፣ ረድፉም ይቀደዳል። ሙቀትንና ሕመምን የሚያደርሱት ክሮች ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገሩት እዚያው ቦዩ ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ ቀድመው የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። የመዳሰስ ክሮች በጀርባ በኩል በሌላ መንገድ ስለሚሄዱ ተርፈዋል። ጨርቅ ታውቂያለሽ፣ እሳት የማታውቂው ለዚህ ነው አለቻት።

«የወደቁት ተመልሰው ይቆማሉ?» አለች የሺወርቅ፣ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሣ።

ዶክተሯ «አይቆሙም» አለቻት።

ቀሪውን በመንገድ ላይ ነገረቻቸው። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ውኃውን መውጫ ያበጁለታል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ቢሳካም በሽታው ባለበት እንዲቆም እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም። ካልተደረገ ክንዷ እየሰለለ ይሄዳል፣ ቀጥሎ እግሯ። የሺወርቅ ይህን ሁሉ ሰማች። እርግማን እንደሌለባት በተነገራት በዚያው ቀን፣ እጇ እንደማይመለስ ተነገራት፤ ለየትኛው ማልቀስ እንዳለባት አላወቀችም። የሆስፒታሉ በር ላይ ዶክተሯ ስትሰናበታቸው ቄሱ ሁለት ጊዜ መረቃት።

መኪና እስኪሞላ አንድ ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቤቱ ድሮ የተራራው ጠባቂ ስካውቶችና የበቅሎ ነጂዎች መዋያ ነበር፤ እንግዳ ከተራራው ከቀረ ወዲህ ግን ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ስታነሣ ወንድሟ እጇን ሲያይ አየችው። እንደ ጠዋቱ ዓይኑን አልሰበረም። ያየሁትን እናገራለሁ አላት፤ ለጤናዬም፣ ሽማግሎቹን ለሚመሩት ለአለቃ ሰይፈ ሥላሴም። በልጅነታቸው ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ በግ ሲጠብቁ አንድ ዳቦ ተካፍለው የበሉበትን ቀን አነሣባትና ሳቀ። የሺወርቅም ሳቀች። ከዚያ እስከ ዳባት ድረስ ከኋላ ወንበር አብሯት ተቀመጠ።

ቤት ሲደርሱ ግቢው ተጠርጎ ውኃ ተርከፍክፎበታል፤ ሳሎኑ ውስጥ ከጎረቤት የተዋሱት ሶፋ ገብቷል፤ ዶሮው ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠልሎ አልቋል። ቄሱ ሚስቱን ወደ አጥሩ ወስዶ ነገራት። የሺወርቅ ራቅ ብላ ቆማ እጁን ሲያወራጭ፣ በጣቶቹ ረድፍ ሲሠራ አየችው። ጤናዬ አላቋረጠችውም። እስኪጨርስ ሰማችውና እሱ ሐኪሟን ማመኑን፣ እሷም እሱን ማመኗን ነገረችው፤ ግን እሷ ማመኗ ለልጇ ምን እንደሚረባ ጠየቀችው። «የደረስጌ ሰው ሁሉ በማይክሮስኮፕ ያያል እንዴ?» ከሠርጉ በኋላ እውነቱ ለዓለም ይነገር፤ እሷ ራሷ ታወራለች፤ ዛሬን ብቻ፣ ሽማግሎቹ መልሱን ሰምተው እስኪወጡ ብቻ። ድምጿ ተሰበረ። ልጅቱ ከበሩ ጀርባ ነበረች፤ አዲሱን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አባቷንም አክስቷንም ሳታይ። ቄሱ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። የሺወርቅ ያን ዝምታ ልትሸከመው አልቻለችም። «እኔ ጓዳ እገባለሁ» አለች። «ምንም አይደል። ልጄም አይደለች?» ገብታም ክፍልፋዩ ሥር ተቀመጠች። ዝም በማለቱ አልተቀየመችውም፤ እንደተገላገለ ሰው ቀና ብሎ ባያያት ግን ደስ ባላት።

ሽማግሎቹ ሦስት ነበሩ። አለቃ ሰይፈ ሥላሴ የደረስጌ ሊቅ፣ ነገር አዋቂ፣ በድምፃቸው እንኳ ሰው የሚያስቀምጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አቶ ገዱና አቶ ያርጋል የልጁ አጎቶች ናቸው። ሰላምታው ረጅም ነበር። የገብሱ ነገር፣ የመንገዱ ነገር፣ የማዳበሪያው መዘግየት፣ ማን ሞተ ማን ታመመ፣ ሁሉም በየተራው ተነሣ። ጠላ ተቀዳ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ልጁን እንደሰጠ ተናገረ፤ ሦስቱም ተነሥተው እጅ ነሡ፤ ጤናዬ በአፏ የያዘችውን ትንፋሽ ስትለቅ ክፍልፋዩ ማዶ ተሰማ። የሺወርቅ ጓዳ ውስጥ ሆና «ተመስገን» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

አለቃ ሰይፈ ሥላሴ ግን አልተቀመጡም። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ አሉ። ነገሯ የእሳቸው እንዳልሆነች፣ የላኳቸው ሰዎች አደራ እንደሆነች ደጋግመው ተናገሩ። ደባርቅ ሆቴል ትሠራ የነበረች፣ እጇን የታመመች እህት አለችዎት ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?

«እህትስ አለችኝ» አለ ቄሱ። «ቆላ ናት። ከተያየን ቆይተናል።»

«እጇስ?»

«ጤነኛ ናት።»

አለቃ ቃልዎ ለእኔ ይበቃኛል አሉ። ለላኩኝ ሰዎች ግን የማደርስላቸው ነገር እሻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝና መስቀልዎን ይዘው፣ በክህነትዎ ይበሉልኝ። የሺወርቅ የወንድሟ እጅ ወደ ደረቱ ኪስ ሲገባ የጨርቁን ኮሽታ ሰማች። እስካሁን የተነገረው ውሸት የሰው ውሸት ነው፤ ለልጅ ተብሎ የተዋሸ፣ ንስሐ የሚገቡበት። ይህ ግን ሌላ ነው። በዚያ እጅ ሥጋ ወደሙን ይፈትታል። እሷን ለመደበቅ ብሎ ነፍሱን ሊሰጥ ነው። ጉልበቷ ሲያነሣት አላወቀችም፤ መጋረጃውን ገልጣ ሳሎን መሃል ራሷን አገኘችው።

«ሀብቴ፣ ተው» አለች። «አትማል።»

ክህነት ከተቀበለ ወዲህ በልጅነቱ ስም ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ መስቀሉን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። የሺወርቅ እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ ለአለቃ አሳየች። «እህቱ እኔ ነኝ። እጄም ይኸው ነው።» አቶ ገዱ ጽዋውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። ስጦታ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ያኔ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ተናገረ። ጠዋት ሻይ ቤት እንዳሰበው አድርጎ ሳይሆን እየተቻኮለ፣ ቃል ከቃል እየተጋጨበት። ሥጋ ደዌ እንዳልሆነ፣ አከርካሪዋ ውስጥ ቦይ እንዳለ፣ ቦዩ ዳር ተሰልፈው የቆሙ፣ አናታቸው ላይ ጸጉር ያላቸው፣ ውኃ የሚገፉ ሕዋሳት እንዳሉ ነገራቸው። የእሷ እንደፈረሱ፣ እጇ እሳት የማያውቀው በዚህ እንደሆነ ነገራቸው። በዓይኔ አየሁ አላቸው። አለቃ ሳያቋርጡ፣ ሳያፌዙ፣ ጢማቸውን ይዘው ሰሙት። የእሷን ነው ያዩት? ብለው ጠየቁ። ቄሱ ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻለም። የለም፣ የበግ ነው አለ። አቶ ያርጋል ወደ መሬት አየ። ዶክተሯን ጠይቁ፣ ደባርቅ ናት፣ ስሟም ይኸው ብሎ ለመናቸው። እንጠይቃለን አሉ አለቃ፣ እንደማይጠይቅ ሰው ድምፅ። ከዚያ በትራቸውን አነሡ።

«ኦሪት ካህኑ ይየው ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «ካህኑ አይቶ ንጹሕ ነው ካለ ንጹሕ ነው። ካህኑ ወንድም ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን አልተጻፈልንም። መጀመሪያ ቆላ ናት ባይሉኝ፣ እኔ አምንዎት ነበር።»

መክረን እንልካለን ብለው ወጡ። ዶሮው አልተነካም። ጤናዬ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ መሬት ላይ ተቀመጠችና እግሮቿን ዘረጋች፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት አድርጋ። ስጦታ ትሪውን ሶፋው ላይ አኑራ በአክስቷ አጠገብ አለፈች። ስታልፍ ቀሚሷ እንዳይነካት ሰብስባ ያዘችው። ሆን ብላ ይሁን ሳታውቀው፣ የሺወርቅ ልትለይ አልቻለችም። ልጅቱ ገብታ በሩን ዘጋች። የሺወርቅ እዚያ ሳሎን ውስጥ አንዲት ደቂቃ እንኳ መቆም ስላልቻለች ሽማግሎቹን ሊሸኝ የወጣውን ወንድሟን ተከትላ ወደ ግቢው ወጣች።

አጥሩ በር ላይ ደርሰው ነበር። ብርሃኑ እየሸሸ፣ ነፋሱ ከተራራው ወርዶ ባሕር ዛፉን እያጎነበሰው ነበር። ቄስ ሀብተ ሚካኤል እንደ ልማዱ ሊያሳልማቸው መስቀሉን ዘረጋ። አለቃ ሰይፈ ሥላሴ ቆሙ። መስቀሉን አዩት፤ የያዘውን እጅ አዩት። ከዚያ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው አስተካክለው፣ ካሉበት ሳይጠጉ፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሁለቱ አጎቶችም እንዲሁ አደረጉ። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩም። መንገዱን ይዘው ቁልቁል ወረዱ።

ቄሱ መስቀሉን እንደዘረጋ ቀረ። የሺወርቅ ከኋላው መጥታ ቆመች። ጎረቤት ቤት ራዲዮ ይሰማል፤ ሰው ከገበያ እየተመለሰ አህያውን ይነዳል። ሰዎቹ ከዓይን እስኪጠፉ ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«እሁድ የቅዳሴው ተራ የኔ ነው» አለ ወንድሟ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ማን ይመጣ ይሆን?»

ከቤቱ ውስጥ የስጦታ ልቅሶ ተሰማ፣ በመጀመሪያ ታፍኖ፣ ቀጥሎ ሳይታፈን። ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። እየመሸ ነው፣ ብርዱም ይጠዘጥዛል፤ ቀድሞ ለመግባት የደፈረ ግን አልነበረም።